ወናፍ የነፋው በያጅ

እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ከመጀመሪያው የምናገረው ሰው ከኋላዬ ሲንሾካሾክ ከምሰማ ራሴ ብለው ስለሚሻለኝ ነው። አባየ በመርሳ ታችኛው ሰፈር፣ ግራር ሥር በተከላት ዳስ ውስጥ፣ ማጭድ፣ ማረሻና መጥረቢያ ይቀጠቅጣል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ። ወናፍ ማለት ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ከረጢት ነው፤ አንዱን ስትጫኑት ሌላው ይነሳል፣ ከሰሉም ይፋፋማል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እስቲ ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ነፍታችሁ ቀላል ነው በሉኝ።

ስለ እኛ የሚባለውን ታውቃላችሁ። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ሰው በዓይኑ ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ቤት ብቅ ስል ድስቱ ቶሎ ይከደን ነበር። ወላሂ፣ በዓይን መብላት የሚባል ችሎታ ቢኖረኝ ኖሮ እንዲህ ከስቼ አልቀርም ነበር። ያው ሰው ግን ማጭዱ ሲደንዝ ወደ ቡዳው ሲሮጥ ያያችሁት እንደሆነ፣ ከጅብ የሚሸሽ ሳይሆን ጅብ የሚያባርር ይመስላችኋል።

የወደድኩት ልጅ በያጅ ነበር። ሱቁ አስፋልቱ ዳር፣ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ መኪና ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ ነው፤ በርና መስኮት፣ የግቢ መዝጊያ፣ የተሰበረ ጋሪ ይበይዳል። የተዋወቅነው በቁርጥራጭ ብረት ነው። አባየ ከበያጆች የሚተርፈውን ብረት ይጠቀምበታል፣ ሄጄ የማመጣለት ደግሞ እኔ ነኝ። መጀመሪያ በገበያ ቀን ብቻ እሄድ ነበር፤ ኋላ በየቀኑ ሆነ። ደጃችን ላይ የፌሮው ክምር እያደገ ሲሄድ አባየ ግራ ገባው። ድልድይ ልንሠራ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ብረት ሊወደድ ነው ይላሉ አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

ልጁ ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለእናቱ ሲነግራቸው ቤቱ ተናጋ። እናቱ የወልድያ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ሱቅ ወደከፈተበት ወደ መርሳ መጡ፤ እሳቸው ግን «መጣሁ» አይሉም፣ «ወረድኩ» ነው የሚሉት፣ ከሰማይ የመጡ ይመስል። እኔን «የዚያ የቀጥቃጭ ልጅ» ይሉኛል። ልጃቸው እኔም እኮ የምሠራው ብረት ነው ሲላቸው፣ ኪታብ የቀራ ሰው በማይደርስበት ጥልቀት ልዩነቱን ያስረዱታል። እሱ ደግሞ ሁሉንም መጥቶ ይነግረኛል፤ ምስጢር የሚባል ነገር አያውቅም።

በእሳቸው ትምህርት መሠረት ከሁሉ በላይ ወርቅ ሠሪ አለ፤ ውሎው ከሙሽራ ጋር ነው። ቀጥሎ ብር ሠሪ። ቀጥሎ በያጅ። ከበያጅ ዝቅ ብሎ ቆርቆሮ ሠሪ አለ፤ ምስኪን ነው፣ ግን ሰው ነው። ከዚያ በታች ምንም የለም፣ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥቃጭ አለ። ለምን ቢባል፣ በያጅ ቆሞ ይሠራል፣ ቀጥቃጭ ተቀምጦ። በያጅ ጥቁር መነጽር አለው። በያጅ ቆጣሪ አለው፣ ስለዚህ መንግሥት ያውቀዋል። በያጅ እሳቱን ከሽቦ ያመጣል፤ ቀጥቃጭ ግን እሳቱን ከየት እንደሚያመጣው አላህ ይወቅ። ከከሰል ነዋ፣ አልኩ እኔ ይህን ስሰማ ተናድጄ። ከሰሉንም የምናመጣው ከሳቸው ጎረቤት ነበር።

አባየም ቢሆን አንገቱን ደፍቶ የሚሰደብ ሰው አይደለም። በያጅን የሚጠራው «ለጣፊ» ብሎ ነው። ለጣፊ ሁለት ብረት አጠጋግቶ፣ ብልጭ አድርጎ፣ ተጣበቀ ብሎ ይሄዳል ይላል። ብረቱ ምን እንደሚፈልግ አይጠይቀውም። እኛ ግን ብረቱን አሙቀን፣ አባብለን፣ ሲያምጽም ቀጥቅጠን ቅርጽ እናወጣለታለን፤ ውሃ ውስጥ ነክረን ስለት እንሰጠዋለን። ለጣፊ ማስቲካ ብትሰጪውም ለእሱ ያው ነው፣ ይለኛል። ልጄን ለለጣፊ አልሰጥም ማለትም ማንም ሳይጠይቀው ጀምሯል። እዚያ ማዶ እምቢ፣ እዚህ ማዶ እምቢ፤ ሽማግሌ ሳይላክ ከሁለት ወገን የፈረሰ ጋብቻ የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ከእሱ ሌላ ወንድ አልፈልግም ነበር። እሱን ካላገኘሁ ወናፉ ላይ ሸብቼ እቀራለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የመጣበትን ቀን መተረክ አልፈልግም፤ ያየው ያውቀዋል። ከሰዉ ከፊሉ ልጁን አዝሎ ወደ ደሴ ሸሸ፣ ከፊላችን ቀረን። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ አስፋልቱ ላይ ላሞች ተኙበት። አባየ አልሸሽም አለ፤ ብረት የሚቀጠቅጥበትን መስፍ ማን ይሸከምልኛል ነበር ምክንያቱ። የልጁ እናት እግራቸውን ያማቸው ስለነበር ቀሩ፣ እሱም እሳቸውን ጥሎ አይሄድምና ቀረ። እሱ በመቅረቱ በሆዴ ደስ አለኝ፣ በደስታዬ ደግሞ አፈርኩ።

አባየ ሥራውን ቀጠለ። ችግሩ ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ተኩስ የሚያዳምጥበት ጊዜ መሆኑ ነበር። አባየ መዶሻውን ባሳረፈ ቁጥር ጎረቤት አልጋ ሥር ይገባል። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው መጡና ከመምታትህ በፊት እባክህ ተናገር ብለው ለመኑት። ከዚያ ወዲያ አባየ ብረቱን ከእሳት ሲያወጣ «ልመታ ነው» ብሎ ይጣራል፤ ከየአጥሩ «ምታ» ይሉታል፤ ይመታል። ትንሽ ሰነባብቶ ነገሩ ተለመደና አንዳንድ ሰው «ቆይ፣ ልጄ ተኝቷል» ማለትም ጀመረ። አባየ ብረቱ እጁ ላይ እየቀዘቀዘ ሕፃኑ እስኪነቃ የጠበቀበት ቀን አለ።

መከሩም ደረሰ። ማሽላ ጦርነት አያውቅ፣ ጤፍም አያውቅ። ገበሬው ከውርጌሳና ከሐራ በኩል ሳይቀር በውስጥ ለውስጥ መንገድ በእግሩ እየመጣ ማጭድ ያሠራ ጀመር። እኛ ዳስ ሰው ሲበዛ፣ አስፋልቱ ዳር ያለው በያጅ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍኖ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሽቦውን አሻቅቦ ያያል። በያጅ ያለ መብራት ምን ይሠራል? አንድ ጠዋት ዳሳችን መጣና፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ አሰላመ አለይኩም ካለ በኋላ፣ ሥራ ከበዛብዎ ላግዝዎ ሲል አባየን ጠየቀው። አባየ ከእግር እስከ ራሱ አየው። መብራት ሲጠፋ ለጣፊ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፣ ለካስ ወደ ሰው ነው የሚሄደው አለና በአገጩ ወናፉን አሳየው። እኔ ከወናፉ ተነስቼ ወደ ጉጠቱ አደግሁ።

ለእናቱ ጓደኛዬ ጋራዥ ነው የምውለው ብሎ ነገራቸው። ጋራዥ! አንድ መኪና በማያልፍበት ከተማ። እሳቸውም ማመን ስለፈለጉ አመኑት።

ወናፉን ቶሎ ለመደው። ጉዱ የታየው አባየ መዶሻ ያስያዘው ቀን ነው። የቀጥቃጭ ሥራ ሁሉ ያለው ዓይኑ ላይ ነው። ብረት ሰዓቱን የሚናገረው በቀለሙ ነው፤ ደም ሲመስል ወደ ውሃው ይገባል፤ ካለፈ ተሰባሪ ይሆናል፣ ሳይደርስ ከገባ ደግሞ ሰም ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቀጥቃጭ ዓይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም። በያጅ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያ እናቱ የሚኮሩበት መነጽር ከተሰነጠቀ ቆይቷል፤ ለደንበኛ ማሳያ ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል እንጂ አያይበትም። ሲበይድ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ያደርግና፣ ብልጭታው ዓይኑን እንዳያጠፋው ፊቱን ዞር አድርጎ ይጨፍናል። ይህ ነገር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። እኛ ጋ ሲመጣም ብረቱ ሲግል፣ ያቺ ወሳኝ ሰዓት ስትደርስ፣ ሰውዬው ፊቱን ወደ ደሴ አዙሮ ዓይኑን ጭፍን ያደርጋል።

አባየ መጀመሪያ የፈራ መስሎት ዝም አለው። ኋላ ግን አላስቻለውም። «ምነው፣ ብረቱ ራቁቱን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ለምዶብኝ ነው ብሎ ማለ፤ ደግሞም ጨፈነ። አንዴማ ጨፍኖ የሰነዘረው መዶሻ መስፉን ስቶ አባየ የሚቀመጥበት ጉቶ ላይ አረፈ። አባየ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ ባይሆን ኖሮ ይህን ታሪክ በዚህ ስሜት አልጽፈውም ነበር። እኔ ያላደረግኩት የለም። ዓይንህን ግለጥ እያልኩ ከጎኑ ጮህኩ፣ አገጩን ይዤ አዞርኩት፣ በውሃ ረጨሁት። ጭራሽ ሲረጭ ለሁለት ምክንያት ጨፈነ።

በዚህ መካከል የከተማው ወፍጮ ቤቶች ሁሉ ቆመዋል። የመብራቱ መብራት የለው፣ የናፍጣው ናፍጣ የለው። ሴቱ ሁሉ ዶሮ የሚወጣበትን የድንጋይ ወፍጮ ከየጓሮው እየጎተተ አስገባ። የድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩበት ፊቱ ይለሰልሳል፤ ከለሰለሰ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም። ስለዚህ በሾለ ብረት እየነቆሩ መልሰው ሻካራ ያደርጉታል፤ ወፍጮ መውቀር ይባላል፣ ብረቱም መውቀሪያ ነው። የልጁ እናት ወፍጮአቸው ለስልሶባቸው፣ ጠጠር የመሰለ ቂጣ ሲቆረጥሙ ሰነበቱና ልጃቸውን ጋራዥህ ውስጥ መውቀሪያ በይድልኝ አሉት።

እሱም ከአባየ ተደብቆ፣ አባየ ለሶላት ሲሄድ፣ መውቀሪያ ሠራላቸው። የመጀመሪያው ጨፍኖ አሳልፎ ስላጋለው ገና ድንጋዩን ሲነካ እንክት አለ፤ ስባሪው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ከቂጣው ጋር ተጋገረ። ሁለተኛው ፈርቶ ሳይደርስ ስለነከረው አፍንጫው ታጠፈ። እናቱ የታጠፈውን መውቀሪያ አገላብጠው አይተው ይህ ምን ዓይነት ጋራዥ ነው አሉ። እሱም መጥቶ ነገረኝ። ሳቅኩ፣ ግን ሳቁ ሆዴ ድረስ አልወረደም። አባየ ዓይኑን የሚጨፍን አማች እንደማይቀበል አውቃለሁ፤ እናቱ ደግሞ እሱን እዚህ ቢያገኙት ዳግም እንዲመጣ አይፈቅዱለትም።

አንድ ቀን ከዙሁር በኋላ፣ ፀሐዩ ሰዉን ሁሉ ቤት ባስገባበት ሰዓት፣ ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ ዓይን ብቻ የቀረች ሴትዮ እያነከሰች ወደ ዳሱ መጣች። ማነከሷን እንዳየሁ ጉጠቱ ከእጄ ወደቀ። እናቱ ነበሩ። ልጁም አይቷቸዋል፤ ግን ወዴት ይሂድ? ወናፉ ላይ ነው፣ ፊቱም እጁም ጥላሸት ነው። እሳቸው የቀጥቃጭ ቤት እግሬ አይረግጥም ብለው ለአገር ምለዋል፤ እሱ ጋራዥ ነኝ ብሏል። ስለዚህ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተያዩና አልተዋወቁም።

አባየ እሳቸውን አይቷቸው አያውቅም። የያዙትን የታጠፈ መውቀሪያ ተቀብሎ ወደ ብርሃን አወጣና ከት ብሎ ሳቀ። ይህን የሠራው ዕውር ነው እንዴ አለ። አባየ ወሬ ሲያገኝ ልጓም የለውም፤ እኔም አንድ አለኝ፣ ያውልዎ፣ ብረቱ ሲግል ዓይኑን ይጨፍናል፣ እናቱ ጨለማ ቤት ሳታሳድገው አትቀርም አላቸው። ከሻርፑ በላይ ያሉት ዓይኖች ጠበቡ። እኔ የቀሚሴን ጫፍ ነከስኩ። አባየ ግን ገና አልጨረሰም፤ ዛሬ እስቲ እሱ ይሥራልዎ፣ ካበላሸው እኔ አለሁ ብሎ መውቀሪያውን ለልጁ አቀበለው፣ እኔንም ወደ ወናፉ መለሰኝ።

ብረቱ ገባ። ነፋሁ፤ እንደዚያ ቀን ነፍቼ አላውቅም። ብረቱ ጠቆረ፣ ቀላ፣ ፈካ። የልጁ አንገት እንደ ልማዱ መዞር ጀመረ፣ ወደ ደሴ። በደሴ በኩል ደግሞ እናቱ ቆመዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። የዚያን ጊዜ ከእሳት የበለጠ የሚያስፈራ ነገር አየና አንገቱን መልሶ ብረቱ ላይ ተከለው፤ ዓይኑን እንዳፈጠጠ «ልመታ ነው» አለ፣ ሰፈሩም «ምታ» አለው። መታ፣ አሾለ፣ መልሶ አጋለ፣ ልክ ደም ሲመስል ነከረው። ውሃው ተንጫጫ። አባየ አውጥቶ ደጃፍ ያለውን ድንጋይ ነቆረበት። ድንጋዩ ተፈነጠረ፣ መውቀሪያው ምንም አልሆነም። አባየ አገላብጦ አየው፤ ምንም አላለም። የአባየ ምስጋና ዝምታ ነው።

እናቱ መውቀሪያውን ተቀብለው በሻርፓቸው ጫፍ ቋጠሩት። ወዲያው ግን አልሄዱም። የልጃቸውን መዳፍ ያዩ ነበር፤ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ መልሶ ደርቋል። «እጅህ ይባረክ» አሉት እንደ ባዕድ፣ ቀስ ብለው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ውሃ አሙቀው ጠብቀውታል። ጋራዡ ጥላሸት አለው መሰለኝ፣ ታጠብ አሉት። ሌላ አንድም ቃል አልወጣቸውም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ።

ጦርነቱ ከእኛ ከተማ ከራቀ በኋላ መብራት ተመለሰ። አምፖሉ ቦግ ሲል ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ፤ እኔ ብቻ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በያጁ ወደ ሱቁ፣ ወደ ሽቦው፣ የወልድያዋ እናቱ ወደደረደሩት ደረጃ ተመለሰ። እኔም ወደ ወናፉ። ቆዳው እሱ በሚጫንበት በኩል ረግቦ ስለነበር ባየሁት ቁጥር ዓይኔን እጠርጋለሁ። አባየ ምን ሆነሻል ይለኛል፣ ጭሱ ነው እለዋለሁ።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። የመጣው የሰፈሩ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። እኔ አላግል፣ አልለጥፍ፣ የማጥፈው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ በሁለቱ ነገር ገለልተኛ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። ልጁ ከኋላው አለ። እናቱም ፊታቸውን ሳይሸፍኑ እያነከሱ መጥተው ከእኔ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጡ። አላናገሩኝም። እኔም አላናገርኳቸውም። ትከሻችን ግን ይነካካ ነበር፣ ጓዳችን ጠባብ ነው።

አባየ ነገሩን ሰምቶ እንደፈራሁት አልሰጥም አለ። ልጁን አልጠላሁትም፣ ሥራውን ነው አለ። ሽቦ ላይ ለተንጠለጠለ እንጀራ ልጄን አልሰጥም፤ ነገ መብራቱ ሲጠፋ ምን ልትበላ ነው? ቆርቆሮ ሠሪው በያጅም እሳት፣ ቀጥቃጭም እሳት፣ ልዩነቱ የእሳቱ ቀለም ብቻ ነው ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። አባየ ማንቆርቆሪያ አጣፊ ስለ እሳት ምን ያውቃል ሲለው፣ ገለልተኛው ሽማግሌ ጦፈና ስለ ማንቆርቆሪያ አፍ አሠራር ረጅም ክርክር ተከፈተ። ስለ እኔ የሚያወራ ጠፋ። በመጋረጃው ቀዳዳ ልጁን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔም ጨፈንኩ። አለቀልኝ ብዬ ነበር።

አጠገቤ ያለው ትከሻ ተነሳ። እናቱ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ። የሴት ወግ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አጥሩ ጋ ጎረቤት ቆሞ እንደሚያዳምጥም ያውቃሉ። ከአባየ ፊት ቆሙ።

«ልጄ ቀጥቃጭ ነው» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ ነበር፣ እስከ አጥሩ ተሰማ። «ለጣፊ አይደለም። እዚያ ዳስዎ ውስጥ በዓይኔ አይቸዋለሁ። እጁን አይቸዋለሁ። የእኔ ልጅ ቀጥቃጭ ነው፣ እንደ እርስዎ።»

ክርክሩ ቀጥ አለ። አባየ ያን ድምፅ የት እንደሚያውቀው ሲያስብ አየሁት፤ ጨለማ ቤት ያለው ትዝ ሲለው ደግሞ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ፊቱ ሌላ ሆነ። አባየ ቀጥቃጭ ሲባል የኖረ ሰው ነው። ከኋላው ሲባል ሰምቷል፣ ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ሲሉት ሰምቷል፣ እናቴን ሲያገባም ሰምቷል። አንድ ሰው የገዛ ልጁን ለማክበር ብሎ «ቀጥቃጭ» ሲል ግን ሰምቶ አያውቅም።

«እስቲ ይድገሙት» አላቸው።

«ልጄ ቀጥቃጭ ነው» አሉ እናቱ፣ አሁን ቀስ ብለው።

አባየ ራሱን ነቀነቀ። በነጠላው ጫፍ ፊቱን ጠረገና የልጆቹ ኒካህ መቼ እንዲሆን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው።